ትልቅና ውድ ሞኒተር ያዋጣል? ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እንይ

አፕል በ2019 ፕሮ ዲስፕሌይ ኤክስዲአር የተባለውን ሞኒተር ሲያስተዋውቅ ዋጋው ብዙ ሰው አስደነገጠ። ባለ 32 ኢንቹ ስክሪን 4,999 ዶላር ነበር። ማቆሚያው ለብቻው 999 ዶላር ተጠየቀበት። በ2025 ደግሞ አሱስ በስፋት የሚቀራረበው፣ በፒክስል ብዛትም ከእሱ የማያንስ ሞኒተር በ1,299 ዶላር ገበያ ላይ አዋለ። ማቆሚያው አብሮት ይመጣል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋው እንዲህ ሲወርድ ጥያቄው ከፊልም ስቱዲዮ ወጥቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ የሚሠራው ሰው ጋ ደረሰ። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የሚሰማው ምክር ሁለት ጫፍ የያዘ ነው። አንዱ ወገን «ስክሪን ስክሪን ነው፣ ርካሹ ይበቃል» ይላል። ሌላው «በዓይን አይቀለድም፣ አቅምህ እስከቻለ ትልቁን ግዛ» ይላል። ሁለቱም ውድ ሞኒተርን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያዩት። ዋጋው ውስጥ ግን የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተጠቅልለው ገብተዋል። አንዳንዶቹን በየቀኑ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። አንዳንዶቹን ምናልባት አንድም ቀን አትነኳቸውም።

በአንድ ዋጋ የሚሸጡት ነገሮች

የመጀመሪያው ስፋት ነው። የሚለካው ከማዕዘን ማዕዘን በኢንች ነው። ሁለተኛው የፒክስል ብዛት ነው። ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ነጠብጣብ ናት። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን ወደ 2 ሚሊዮን ፒክስል አለው። 4ኬ 8.3 ሚሊዮን፣ 5ኬ 14.7 ሚሊዮን፣ 6ኬ ደግሞ 20.4 ሚሊዮን ገደማ አለው። ሦስተኛው የብርሃንና የቀለም ጥራት ነው። አራተኛው ፍጥነት ነው፤ ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ በሄርዝ ይነገራል። ለቢሮ ሥራ 60 ሄርዝ ይበቃል። 144 ወይም 240 ሄርዝ የሚፈልገው በዋናነት ጌም የሚጫወት ሰው ነው። ከፍ ያለ ፍጥነት የለመደ ሰው ገጽ ወደ ታች ሲያሸብልል እንኳ ልዩነቱ ይታየዋል፤ ግን ለሥራ ብሎ ብዙ ዶላር የሚጨምርበት ነገር አይደለም።

ግራ የሚያጋባው የሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ግንኙነት ስለሆነ እሱ ላይ እንቆይ።

ትልቅ ስክሪን ሁልጊዜ ሰፊ የሥራ ቦታ አይሰጥም

ያው የ4ኬ ምስል በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 163 ፒክስል ይደረደራል። በ32 ኢንች ላይ 138 ይሆናል። በ43 ኢንች ላይ ወደ 102 ይወርዳል። ፒክስሉ አልበዛም፣ ተለጠጠ እንጂ። በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የፒክስል ብዛት የስክሪኑ ጥግግት ይባላል። የጽሑፍን ጥራት ከምንም በላይ የሚወስነው እሱ ነው።

አሁን ኮምፒውተሩ ላይ «ስኬል» የሚለውን ቅንብር እንይ። ፒክስሎቹ በጣም ደቃቅ ሲሆኑ ፊደሉ አብሮ እንዳያንስ ዊንዶውስ ሁሉን ነገር በ150 ወይም በ200 በመቶ ያሳድጋል። ባለ 27 ኢንች 4ኬ በ150 በመቶ ሲሠራ የሚሰጠው የሥራ ቦታ 2,560 በ1,440 ነው። ባለ 32 ኢንች 4ኬም በ150 በመቶ የሚሰጠው ያንኑ 2,560 በ1,440 ነው። ኤክሴል ብትከፍቱ በሁለቱም ላይ የምታዩት የረድፍና የአምድ ብዛት እኩል ነው። ትልቁ ያንኑ ነገር አጉልቶ አሳያችሁ እንጂ አንድም ረድፍ አልጨመረም።

ማጉላቱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ዓይኑ የደከመ ሰው ወይም ከስክሪኑ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ይጠቀምበታል። ሌላው ሰው ግን «ሰፊ ቦታ አገኛለሁ» ብሎ ከ27 ወደ 32 ኢንች ቢሄድ ያሰበውን አያገኝም። ቦታው በእውነት የሚጨምረው ፒክስሉ ሲጨምር ነው። ባለ 32 ኢንች 6ኬ በ200 በመቶ ሲሠራ 3,008 በ1,692 ቦታ ይሰጣል። ሁለት የኤ4 ገጽ ጎን ለጎን ከፍቶ ከዳር የመልእክት መስኮት ማስቀመጥ የሚቻለው እዚህ ላይ ነው።

ጠረጴዛውም መለካት አለበት። ባለ 32 ኢንች ስክሪን ወደ 71 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። 43 ኢንቹ 95 ይደርሳል። ጠረጴዛው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ካለው ከዳር ዳር ለማየት አንገት መዞር አለበት። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሆን ሰውነት ይታዘባል።

የግዕዝ ፊደልና ጥግግት

እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው የጥግግት ጉዳይ የምቾት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ከዚያ ያልፋል። የፊደላችን ልዩነት ያለው በትንንሽ ጭረትና ቀለበት ላይ ነው። «ሲ»ን እና «ሴ»ን እዩ። አንዱ ከቀኝ እግሩ ሥር አጭር ጭረት አለው፣ ሌላው እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቀለበት። «ሱ» ደግሞ ጭረቱ መሃል ላይ ነው። «ነ» እና «ኘ»፣ «ተ» እና «ቸ» የሚለያዩት ከአናታቸው ባለው ነገር ነው።

ይህን በፒክስል እንቁጠረው። በተለመደው ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ፣ ስኬሉ 100 በመቶ ሲሆን፣ 12 ነጥብ የሆነ ፊደል የሚሳለው 16 በ16 ፒክስል በሆነ ሳጥን ውስጥ ነው። ፊደሉ ሳጥኑን ሙሉ ስለማይይዝ የ«ሴ» ቀለበት ሁለት ሦስት ፒክስል ብትደርሳት ነው። በዚያ መጠን ክብ መሳል አይቻልም። ስለዚህ ቀለበቷ ጭጋግ የመሰለች ነጥብ ትሆናለች፣ አንባቢም ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፋል። ባለ 27 ኢንች 5ኬ ስክሪን ላይ በ200 በመቶ ያው ፊደል 32 በ32 ይሆናል። አራት እጥፍ ፒክስል ማለት ነው። ቀለበቷም ቀለበት ሆና ትታያለች።

አማርኛ የሚያርም፣ የሚተረጉም፣ መጽሐፍ የሚያሰናዳ ወይም የሕግ ሰነድ የሚያነብ ሰው ይህን ስሌት በቁም ነገር ሊይዘው ይገባል። ስህተት የሚያመልጠው በአብዛኛው እዚያች ጭረት ላይ ነው። በእኔ ግምት ለአማርኛ አንባቢ ከሞኒተር ዋጋ ውስጥ ያለጥርጥር የሚያዋጣው ክፍል ጥግግት ነው።

ወሰኑ ግን የት ነው? ጤናማ ዓይን የሚለየው ትንሹ ዝርዝር በግምት የአንድ ዲግሪ ማዕዘን አንድ ስልሳኛ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከስክሪኑ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ ሰው ይህ በአንድ ኢንች ወደ 145 ፒክስል ይመጣል። በ70 ሴንቲ ሜትር ወደ 125 ይወርዳል። ስለዚህ ባለ 27 ኢንች 4ኬ በተለመደው ርቀት ወሰኑን አልፏል። ባለ 32 ኢንች 4ኬ እዚያው ድንበሩ ላይ ነው። 24 ኢንቹ ፉል ኤችዲ በ92 ፒክስል ገና ሩቅ ነው። ዓይን የመስመርን መጣመም ከዚህም በደቀቀ ሁኔታ ስለሚለይ 218 ፒክስል ያላቸው 5ኬ እና 6ኬ ስክሪኖች አሁንም የጠሩ ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን ከ92 ወደ 163 ሲዘለል የሚገኘው ለውጥ ትልቅ ነው። ከ163 ወደ 218 የሚገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ዋጋው ግን የሚተኮሰው በዚህ ሁለተኛው ዝላይ ላይ ነው።

የማክ ተጠቃሚ ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። የማክ ሥርዓት ምስሉን በእጥፍ ይሠራና ለስክሪኑ እንዲስማማ መልሶ ያሳንሰዋል። 4ኬ ላይ የ2,560 በ1,440 ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ 5ኬ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ 4ኬ ይጨምቀዋል። ፊደሉ ጥቂት ይለሰልሳል። 5ኬ ላይ መጨመቅ የለም። የማክ ሰዎች 5ኬ ላይ የሚሟገቱት ለዚህ ነው፣ ክርክራቸውም መሠረት አለው። ዊንዶውስ ላይ ይህ ምክንያት አይሠራም።

ኤችዲአር የሚለው ተለጣፊ

ኤችዲአር ማለት በጣም ደማቁንና በጣም ጨለማውን በአንድ ምስል ውስጥ ሳይጠፉ ማሳየት ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ብርቱ ብርሃን፣ እንዲሁም ብርሃኑን በየቦታው ለይቶ የማደብዘዝ ችሎታ። የአፕሉ ኤክስዲአር ከጀርባው 576 ለየብቻ የሚደበዝዙ የብርሃን ክፍሎች አሉት። ብርሃኑም ለረጅም ጊዜ 1,000 ኒት፣ ለቅጽበት 1,600 ኒት ይደርሳል። ኒት የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው። የ2025ቱ ርካሽ 6ኬ ሞኒተር በፒክስል ይስተካከለዋል፣ በዚህ ግን አይደርስበትም። የ3,700 ዶላሩ ልዩነት ትልቁ ክፍል ያለው እዚህ ነው።

ችግሩ ስያሜው ልቅ መሆኑ ነው። ቬሳ የተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ዲስፕሌይኤችዲአር 400፣ 600፣ 1000 የሚሉ እርከኖች አሉት። ዝቅተኛው 400 ብርሃኑን በየክፍሉ ማደብዘዝን አያስገድድም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ኤችዲአር» የተለጠፈበት ሞኒተር ሁሉ የኤችዲአር ፊልም በአግባቡ አያሳይም። 400 የሚል ካያችሁ ለዚያ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው። ሰፊ የቀለም ክልል ያለው ስክሪን ለፊልም ቀለም አስተካካይና ለፎቶግራፍ ባለሙያ መሣሪያው ነው። ነገር ግን በመለኪያ መሣሪያ በየጊዜው ካልተስተካከለ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ቀዩ ከመጠን በላይ ቀይ ሆኖ ይታይና ባለሙያው ይቀንሰዋል። ሥራው ስልክ ላይ ሲታይ ወይም ማተሚያ ቤት ሲገባ ደብዝዞ ይወጣል። ተመልካቹ በሙሉ ዩቲዩብንና ቲክቶክን በስልኩ የሚያይ ከሆነ በትክክል የተስተካከለ መካከለኛ ሞኒተር ካልተስተካከለ ውድ ሞኒተር ይሻላል።

ኦሌድ እና ቀኑን ሙሉ የማይንቀሳቀስ ገጽ

ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን ያወጣል። ጥቁር ሲባል በእርግጥ ይጠፋል። ፊልምና ጌም ላይ የሚወዳደረው የለም። የቢሮ ሥራ ግን ሌላ ነው። የዊንዶውስ የታችኛው መስመር፣ የወርድ የላይኛው ማውጫ፣ እነዚህ ለሰዓታት ከቦታቸው አይነቃነቁም። ኦሌድ ፒክስል በተጠቀሙበት ቁጥር ስለሚደክም እነዚያ ቦታዎች ከሌላው ቀድመው ይደክሙና ጥላ ይተዋሉ። አንዳንድ አምራቾች ለዚህ የሦስት ዓመት ዋስትና መስጠት ጀምረዋል። ይህ መልካም ነው፤ ዋስትናው የሚሠራው ግን ተወካዩ ባለበት አገር ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የኦሌድ ሞኒተሮች የቀለም ነጠብጣቦቻቸው የተደረደሩበት መንገድ የተለየ ስለሆነ በፊደል ጠርዝ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይታያል። ጭረቷ ወሳኝ ለሆነችበት ፊደል ይህ መልካም ዜና አይደለም።

ገመዱና ኮምፒውተሩ

ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። ሞኒተሩ ይገዛል፣ ይሰካል፣ ማውሱ እየተጎተተ ይሄዳል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞኒተሩ አይደለም። የቆዩ ላፕቶፖች ኤችዲኤምአይ 1.4 የሚባል መውጫ አላቸው። እሱ 4ኬን ማሳለፍ የሚችለው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው። በ60 ለማሳለፍ ቢያንስ ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያስፈልጋል። 5ኬና 6ኬ ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ፣ ብዙዎቹም የሚሠሩት ተንደርቦልት በሚባለው ፈጣን መውጫ ወይም ምስል በሚያስተላልፍ ዩኤስቢ ሲ ነው። ዩኤስቢ ሲ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ ምስል አያስተላልፍም። አንዳንዱ ቻርጅ ለማድረግና ፋይል ለማስተላለፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሞኒተሩ በፊት የኮምፒውተሩን ሞዴል አይቶ ስንት ኬ በስንት ሄርዝ እንደሚያወጣ ማጣራት ይቀድማል። ለምሳሌ የ2020ው ባለ ኤም1 ማክቡክ ኤር አንድ ውጫዊ ሞኒተር እስከ 6ኬ በ60 ሄርዝ ይይዛል። በዚያው ዘመን የተሠሩ ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ይህን አይችሉም። ለሞኒተሩ ሲባል ኮምፒውተር መቀየር ካስፈለገ የዋጋው ሒሳብ ከሥሩ ይለወጣል።

«ለምን ቴሌቪዥን አልጠቀምም?» የሚል ጥያቄም አለ። ባለ 43 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን ርካሽ ነው፣ ቦታውም ሰፊ ነው። ጥግግቱ ግን 102 ነው። በዚያ ላይ ብዙ ቴሌቪዥኖች የቀለም መረጃውን ቀንሰው ስለሚያሳዩ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጽሑፍ ጠርዙ ይፈሳል። የኮምፒውተር ወይም የጌም ቅንብር ሲመረጥ አንዳንዱ ይስተካከላል። ለቻርትና ለቪዲዮ ያገለግላል። ለንባብ አልመክረውም።

ሥራ ያፋጥናል የሚለው ክርክር

ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሱት በ2008 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት አለ። ባለ 24 ኢንች ስክሪን የተጠቀሙ ሰዎች ባለ 18 ኢንች ከተጠቀሙት በአንዳንድ ሥራዎች እስከ 52 በመቶ ፈጥነዋል ይላል። ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። ገንዘቡን የከፈለው ያኔ ሞኒተር ይሸጥ የነበረው ኤንኢሲ የተባለ ኩባንያ ነው። በተጨማሪም ያው ጥናት ስክሪኑ ከዚያ ሲያልፍ ጥቅሙ መልሶ መውረድ እንደጀመረ አሳይቷል። ያኔና አሁን የስክሪኖቹ ዓይነት ተለያይቷል፤ አቅጣጫው ግን ከልምድ ጋር ይስማማል። ከጠባብ ወደ መካከለኛ መሄድ ሥራ ያቀልላል። ከመካከለኛ ወደ ግዙፍ መሄድ እንደ ሥራው ነው። ኮድ የሚጽፍ፣ የቪዲዮ መስመር የሚዘረጋ፣ ትርጉም ከምንጩ ጋር የሚያስተያይ ሰው ይጠቀማል። ኢሜይል የሚመልስና ዜና የሚያነብ ሰው ግን ጥቅሙ እምብዛም አይታየውም።

ብር፣ ዶላር እና ሻንጣ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የ1,299 ዶላሩ ሞኒተር በመጀመሪያው ተመን ቢሰላ 74 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። በ100 ብር ተመን 129,900 ይሆናል፣ ያውም ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይገባበት። አዲስ አበባ ሆኖ ደሞዙ በብር ለሆነ ሰውና ክፍያው በዶላር ለሚመጣ ሰው «ያዋጣል» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም የለውም። ለመጀመሪያው ባለ 27 ኢንች 4ኬ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ለሥራው የሚበቃ ምርጫ ነው። ሁለተኛው የ5ኬን ዋጋ በጥቂት ሥራ ሊመልሰው ይችላል።

ብዙ ሰው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ይመርጣል። የብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ልክ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 23 ኪሎ ነው። የ27 ኢንች ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። የ32 ኢንቹ ልኩን ይጠጋል ወይም ያልፋል። ከውጭ የመጣ ሞኒተር የሞቱ ፒክስሎች ቢኖሩበት ማን ይለውጠዋል? ይህ አደጋ ዋጋው ላይ ያልተጻፈ ክፍያ ነው፣ ውድ በሆነ ቁጥርም ይከብዳል። ኤሌክትሪኩ ብዙ አያሳስብም፤ አብዛኞቹ ሞኒተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ ጀርባቸው ላይ ተጽፏል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ግን ያሳስባል። የዩፒኤስ ወይም የስታቢላይዘር ዋጋ ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ይግባ።

የሚያረጀውና የማያረጀው

ለመግዛት የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሞኒተር ከኮምፒውተር በላይ ይቆያል። የ2014ቱ አይማክ 5,120 በ2,880 ፒክስል ነበረው። በ2022 በ1,599 ዶላር የወጣው የአፕል ስቱዲዮ ዲስፕሌይም ያው 5,120 በ2,880 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ለጽሑፍ ጥራት አዲስ ነገር አላስፈለገም። በጥግግት ላይ የወጣ ገንዘብ ለሁለትና ለሦስት ኮምፒውተር ያገለግላል።

ተቃዋሚዎቹም መልስ አላቸው። ባለ 27 ኢንች 5ኬ ሞኒተር በ2016 ከኤልጂ 1,299 ዶላር ነበር። ከዓመታት በኋላ ከአሱስ በ799 ዶላር ወጣ። የታገሠ ሰው 500 ዶላር አተረፈ። ያልታገሠውም አልከሰረም፣ በመካከሉ ያሉትን ዓመታት በጠራ ፊደል ሲያነብ ኖሯል። ኤችዲአር፣ ኦሌድና ፍጥነት ላይ ግን በየዓመቱ የተሻለ እየመጣ የትናንቱ ይረክሳል። ሥራው የማይጠይቀው ሰው በእነዚህ ላይ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።

ሱቅ ሄዶ ለሚገዛ ሰው ማሳያ ቪዲዮ ብዙ አይነግረውም። በፍላሽ የራስን የአማርኛ ሰነድ ይዞ መሄድ ይሻላል። በ12 ነጥብ ይከፈት፣ ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ርቀት ይታይ፣ አጠገቡ ባለው ርካሽ ሞኒተር ላይም ያው ገጽ ይከፈት። ቀጥሎ ስክሪኑ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ ይደረግና የሞተ ፒክስል ይፈለግ። የኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ 60 ሄርዝ የሚል መጻፉንም ሳታዩ ክፍያ አትፈጽሙ።